የአንዲት ሬዚስተር ቁጠባ፦ የራስፕቤሪ ፓይ 4 የቻርጀር ጉዳይ

ቤታችን ውስጥ መብራት ሲሄድ ከመሳቢያ የምትወጣ አንዲት የእጅ ባትሪ አለች። ቻርጅ የምትደረግ ናት፤ ቀዳዳዋ ታይፕ ሲ ነው። አብሯት በመጣው አጭር ነጭ ገመድ ስትሰካ ቀይ መብራቷ ይበራል፣ ትሞላለች። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነው የላፕቶፔ ገመድ ስሰካት ግን ድርቅ ትላለች። ባለቤቴ "ተበላሽታለች፣ በቃ ጣላት" አለችኝ።

አልተበላሸችም። ብሎኖቿን ፈትቼ ሳያት ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ሁለት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የምትገድብ ትንሽ ክፍል) ጎድሏታል። ሁለቱ ተደምረው አንድ የአሜሪካ ሴንት አያወጡም። የሠራት ሰው ያቺን ቆጠበ፤ እኔ ደግሞ 65 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ይዤ አንዲት የእጅ ባትሪ መሙላት አቃተኝ።

ስም የለሽ ርካሽ ዕቃ ናትና ስቀን ልናልፋት እንችል ነበር። ችግሩ በ2019 በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው የጀማሪዎች ቦርድም በዚያችው ቀዳዳ፣ በእነዚያው ሬዚስተሮች መሰናከሉ ነው። ራስፕቤሪ ፓይ 4 ማለቴ ነው፤ በአንዲት ትንሽ ቦርድ ላይ የተሠራ ሙሉ ኮምፒውተር። ኤሌክትሮኒክስ በትርፍ ሰዓታችን የምንነካካ ሰዎች "ጥራት ወይስ ዋጋ" ብለን ስንከራከር እኔ ሁሌ የማነሳው ይህን ጉዳይ ነው። ጥፋቱ ትንሽ ነው፣ ሰነዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሒሳቡም በወረቀት ላይ ይሠራል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

35 ዶላር የምትባለዋ ቁጥር

የመጀመሪያው ራስፕቤሪ ፓይ ገበያ ላይ የዋለው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ነው። ሞዴል ቢ የሚባለው በ35 ዶላር ተሸጠ። የእንግሊዝ ልጆች ኮምፒውተር ፕሮግራም ማድረግን በርካሽ እንዲለማመዱ ነበር ሐሳቡ። ልጆቹ ከመግዛታቸው በፊት ግን አዋቂዎቹ ተሻሙበት። ዋጋው ከዚያ በኋላ እንደ ቃል ኪዳን ሆነ። ፓይ 2 ሲመጣ 35 ዶላር። ፓይ 3 ሲመጣ 35 ዶላር። ፕሮሰሰሩ ይፈጥናል፣ ሜሞሪው ይጨምራል፣ ዋጋው ግን አይነቃነቅም።

ዋጋው ከተቸነከረ ዲዛይን የሚሠራው ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል አስቡት። አዲስ ነገር በጨመረ ቁጥር ከሌላ ቦታ መቀነስ አለበት። በደመወዝ እንደሚተዳደር ቤተሰብ ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨምር የሚቀነሰው ከጫማ ነው።

ይህ ሁሌ ለጥፋት ይዳርጋል ማለቴ አይደለም። በጁላይ 2014 የወጣው ሞዴል ቢ ፕላስ ተቃራኒውን አሳይቷል። የመጀመሪያው ቦርድ ላይ ቮልቴጅ የሚቀንሱት ክፍሎች ትርፉን ኃይል በሙቀት መልክ የሚያባክኑ ነበሩ። በቢ ፕላስ ላይ በተሻሉ ተተኩና የኃይል ፍጆታው ከግማሽ እስከ 1 ዋት በሚደርስ መጠን ቀነሰ። የዩኤስቢ ቀዳዳው ከሁለት ወደ አራት ከፍ አለ። ሌሎች ዕቃዎች የሚገናኙበት የፒን (የብረት እግሮች) ረድፍ ከ26 ወደ 40 አደገ። ዋጋው ያው 35 ዶላር። ጥሩ ዲዛይን ሁልጊዜ ውድ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህን ቦርድ አነሳበታለሁ።

የ2015ቱ ፓይ ዜሮ ደግሞ ሌላ ዓይነት ብልሃት ነበረው። ዋጋው 5 ዶላር ብቻ፤ በመጽሔት ሽፋን ላይ ተለጥፎ በነጻ እስከ መታደል ደርሷል። ቁጠባው ቦርዱ ላይ በዓይን ይታያል። የፒን ረድፉ አልተሰካም፤ 40 ባዶ ቀዳዳ ነው ያለው። ካስፈለገህ ራስህ ሶልደር አድርግ (በቀለጠ ብረት አጣብቅ) ነው ነገሩ። ኤተርኔት (የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ) የለም። የካሜራ ማገናኛ የለም፤ እሱ በ2016 ነው የተጨመረው። የጎደለው ሁሉ ፊት ለፊት ስለሚታይ ማንም ተታለልኩ አላለም። ይህን ለኋላ ያዙልኝ።

አዲሷ ቀዳዳ

ፓይ 4 ይፋ የሆነው ጁን 24 ቀን 2019 ነው። ትልቅ ዝላይ ነበር። ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር በ1.5 ጊጋኸርዝ፣ እስከ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ሁለት ዩኤስቢ 3፣ እውነተኛ ጊጋቢት ኤተርኔት፣ ሁለት ስክሪን። ባለ 1 ጊጋባይቱ ያኔም 35 ዶላር ነበር። ባለ 4ቱ 55 ዶላር።

ይህን ሁሉ የሚሸከም ኃይል ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ፓይ የሚመገበው በማይክሮ ዩኤስቢ ነበር፤ ያቺ በየስልኩ ላይ ስትላላ የኖረች ጠፍጣፋ ቀዳዳ። አሁን ወደ ታይፕ ሲ ተዛወረ። ተጨማሪ 500 ሚሊ አምፔር ይገኝበታል ተባለ፤ ስለዚህ ዩኤስቢ ላይ ለሚሰኩ ዕቃዎች 1.2 አምፔር ይተርፋል። አብሮት የሚሸጠው የራሱ ቻርጀር 5.1 ቮልት፣ 3 አምፔር ነው። ዋጋው 8 ዶላር።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር፣ ኋላ ይጠቅመናል። ፓይ 4 የተጠበቀው በ2020 ነበር። ለዋናው ቺፕ እስከ አራት ዙር እርማት ሊያስፈልግ ይችላል ተብሎ ጊዜ ተይዞለት ነበር። ሁለተኛው ዙር ለምርት የበቃ ሆኖ ተገኘ። በዚህም ከ9 እስከ 12 ወር ተቆጠበ። ይህን የነገሩን ራሳቸው ሠሪዎቹ ናቸው፣ በደስታ። እኔም ብሆን ደስ ይለኛል።

ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቅሬታ መሰማት ጀመረ። አንዳንድ ሰው ላፕቶፑ ላይ የሚጠቀምበትን ጥሩና ውድ የሚባል ቻርጀር ይሰካል። ቦርዱ አይነሳም። ያ ሰው ከጓደኛው በተዋሰው ተራ ገመድ ሲሞክር ይነሳል። ውዱ እምቢ ብሎ ርካሹ ሲሠራ ማየት ግራ ያጋባል። አብዛኛው ሰው ገመዱን ነው የጠረጠረው።

ማነህ? ምን ያህል ላድርግልህ?

ነገሩ እንዲገባን ታይፕ ሲ እንዴት እንደሚነጋገር ማየት አለብን። ትንሽ ታገሱኝ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው።

የድሮው ሰፊው ዩኤስቢ ገራገር ነው። ቻርጀሩ ግድግዳ ላይ እስከተሰካ ድረስ 5 ቮልቱን ለቆ ይቀመጣል፤ የመጣውን ሁሉ ያበላል። ታይፕ ሲ ቻርጀር እንዲህ አይደለም። ማንም እስኪመጣ ቀዳዳው ባዶ ነው። አንድ ነገር ሲሰካ መጀመሪያ "ማነህ?" ይላል። አጥጋቢ መልስ ሲያገኝ ብቻ 5 ቮልቱን ይለቃል።

ጥያቄና መልሱ በሁለት ፒኖች በኩል ነው። ከ24ቱ ፒኖች መካከል ሲሲ1 እና ሲሲ2 ይባላሉ። ሁለት የሆኑት ታይፕ ሲ በየትኛውም ፊቱ ስለሚሰካ ነው። ኃይል ተቀባዩ ዕቃ ከእያንዳንዱ ፒን ወደ ግራውንድ (የሰርኪቱ የጋራ ዜሮ ቮልት መስመር) የሚወርድ 5.1 ኪሎ ኦም (5,100 ኦም፤ ኦም የሬዚስተር መለኪያ ነው) ሬዚስተር ማስቀመጥ አለበት። አንድ ለሲሲ1፣ አንድ ለሲሲ2። ቻርጀሩ 5.1 ኪሎ ኦም ሲያይ "እሺ፣ ተቀባይ ነው" ይላል። ሬዚስተር ጨርሶ ካጣ ሰው የለም ብሎ ዝም ይላል። የኔ የእጅ ባትሪ ነገር ይኸው ነው። ቻርጀሬ በሩን ሲያንኳኳ የሚመልስለት አጣ። ነጩ ገመድ የሚሠራላት ሌላኛው ጫፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ስለሆነ ነው፤ እሱ አይጠይቅም።

አሁን ገመዱ ይምጣ። ገመዱ ውስጥ የሚያልፈው የሲሲ ሽቦ አንድ ብቻ ነው። በየጫፉ ያለው ሌላኛው ፒን ቦታው የተያዘው ለገመዱ ራሱ ነው። ምክንያቱም አንዳንድ ገመዶች ቺፕ አላቸው። ከ3 አምፔር በላይ የሚሸከሙትና ፈጣን ዳታ የሚያስተላልፉት ወፍራም ገመዶች "እኔ እንዲህ ያለሁ ገመድ ነኝ" ብሎ የሚመሰክር ትንሽ ቺፕ ይይዛሉ። ባለቺፕ ገመድ እንበላቸው። ቺፕ መኖሩን የሚያሳውቁትም በሬዚስተር ነው፤ 1 ኪሎ ኦም ገደማ፣ ከ800 እስከ 1,200 ኦም።

እንግዲህ ቻርጀሩ ሁለቱን ፒኖቹን እያየ እንዲህ ይፈርዳል። በአንዱ 5.1 ኪሎ ኦም፣ በሌላው ምንም ከሆነ፦ በተራ ገመድ የመጣ ተቀባይ ነው፤ ስጠው። በአንዱ 5.1፣ በሌላው 1 ኪሎ ኦም ከሆነ፦ በባለቺፕ ገመድ የመጣ ተቀባይ ነው፤ ስጠው። በሁለቱም 1 ኪሎ ኦም ገደማ ከሆነስ? ያ የጆሮ ማዳመጫ አስማሚ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ደግሞ ኃይል አያስፈልገውም። አትስጠው።

ፓይ 4 ምን አደረገ? ሁለቱን ፒኖች ቦርዱ ላይ አንድ ላይ አገናኘና በጋራ አንድ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሰጣቸው። ላይ ላዩን ሲያዩት ብልህነት ይመስላል። ገመዱ የሚያመጣው ሽቦ አንድ ከሆነ፣ በየትኛውም ፒን ይምጣ፣ ያቺኑ ሬዚስተር ያገኛታል። ለምን ሁለት አወጣለሁ?

በተራ ገመድ ሐሳቡ እውነት ነው፤ ይሠራል። ባለቺፕ ገመድ ሲመጣ ግን የገመዱ 1 ኪሎ ኦም በሁለተኛው ፒን በኩል ይገባል። ሁለቱ ፒኖች የተሳሰሩ ስለሆኑ ከ5.1ዱ ጋር ጎን ለጎን ይቆማል። ጎን ለጎን የቆሙ ሬዚስተሮች ሒሳብ የ10ኛ ክፍል ነው፦ 5,100 ሲባዛ በ1,000፣ ሲካፈል ለ6,100። 836 ኦም። ቻርጀሩ በአንዱ ፒን 836 ኦም፣ በሌላው በራሱ በኩል ያለውን የገመዱን 1,000 ኦም ያያል። ሁለቱም ከ800 እስከ 1,200 መካከል ናቸው። ስለዚህ 35 ዶላር የወጣበትን ኮምፒውተር የጆሮ ማዳመጫ ነው ብሎ ፈረደ። በጨዋነት እጁን ሰበሰበ።

ልብ በሉ፣ ቻርጀሩ አልተሳሳተም። ገመዱም አልተሳሳተም። ሁለቱም ሕጉን አክብረው ነው የሠሩት። እንዲያውም ቺፕ የሌላቸው ተራ ገመዶችና የማይጠይቁ ርካሽ ቻርጀሮች ናቸው ፓይ 4ን ያለ ችግር የሚያስነሱት። እንዲህ ያለ ጥፋት መፈለጊያ መከራ ነው፤ ተጠርጣሪው ሁሌ ንጹሑ ሰው ይሆናል።

ማን አገኘው

ነገሩን የቆፈሩት የተለቀቀውን የሰርኪት ንድፍ በጥሞና ያነበቡ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ መካከል በስፋት የተሰማው ቤንሰን ሌውንግ ነው፤ የጉግል መሐንዲስ። በታይፕ ሲ ዓለም ሰውዬው ሊቀ መርማሪ ነው ማለት ይቻላል። ቀደም ሲል የታይፕ ሲ ገመዶችን እየገዛ አንድ በአንድ እየፈተነ ውጤቱን ያሳውቅ ነበር። በፌብሩዋሪ 2016 አንዱ ርካሽ ገመድ ላፕቶፑንና ሁለት መለኪያዎቹን አቃጥሎበታል። የዚያ ገመድ ኃጢአት ብዙ ነበር። የኃይሉና የግራውንዱ ሽቦ ተቀያይሯል። በ56 ኪሎ ኦም ምትክ የገባችው ሬዚስተር 10 ኪሎ ኦም ናት። የ10 ኪሎ ኦሟ ትርጉም "3 አምፔር ውሰድ" ማለት ነው፤ ወዲያኛው ጫፍ ያለው አሮጌ ዩኤስቢ ያን ያህል ባይኖረውም።

ስለ ፓይ 4 የሰጠው ፍርድ አጭር ነበር። የታይፕ ሲ ደንብ ላይ ተቀባይ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ሥዕሉ አለ። ሁለት ሬዚስተር ይታያል። ሥዕሉን እንዳለ ቅዳ፤ አትፈላሰፍበት።

የራስፕቤሪ ፓይ መሥራች ኤበን አፕተን ስህተቱን ወዲያው አመነ። አልሸፋፈነም። ብልህ ቻርጀር ከባለቺፕ ገመድ ጋር ሲሆን ቦርዱን በስህተት የድምፅ አስማሚ አድርጎ እንደሚያየው ገለጸ። ወደፊት በሚወጣ ቦርድ እንደሚታረምም ተናገረ። አንድ የጨመረው ነገር ግን በአእምሮዬ ቀርቷል፦ ሰፊ የመስክ ፍተሻ አድርገን ሳለ ይህ አለመታየቱ ይገርማል አለ።

እኔን ብዙም አይገርመኝም። ከመውጣቱ በፊት ቦርዱን የፈተኑት ሰዎች በምን ቻርጀር ፈተኑት? አብሮት የሚሸጠው የራሱ ቻርጀር ገመዱ አብሮ የተሠራ፣ የማይነቀል፣ ቺፕ የሌለው ነው። ሁሌም ይሠራል። የስልክ ቻርጀር የተጠቀመም ቢሆን በ2019 ብዙው ሰፊ ዩኤስቢ ያለው ነው፤ እሱም ሁሌም ይሠራል። ባለቺፕ ገመድ የያዙት ዘመናዊ ላፕቶፕ ያላቸው ናቸው። እነሱም ቢሆኑ አንድ ቀን ካልሠራላቸው ገመድ ቀይረው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ማን "ገመዱ አልሠራም" ብሎ ሪፖርት ይጽፋል?

ፈታኝ ማብዛት ብቻውን አይበቃም ለማለት ነው። መቶ ሰው በአንድ ዓይነት ገመድ ቢፈትን አንድ ፍተሻ ነው። አምስት ዓይነት ገመድ ያለው አንድ ሰው ይበልጣል። ለዚያም ገንዘብ ያን ያህል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሳይቸኩሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ማለት ነው። 9 ወር የቀደመ ምርት ላይ ያ ከሰዓት በኋላ ከየት ይምጣ?

ታዲያ ቁጠባ ነበር ወይስ ብልጠት?

ሒሳቡን እንሥራ። ሬዚስተሯ ራሷ ከ1 ሴንት እጅግ ታንሳለች። ቦርዱ ላይ የመትከያ ማሽኑን ድካም ጨምረን 1 ሴንት እንበል፣ በጣም አብዝተን። ከ35 ዶላር ውስጥ 1 ሴንት ከ3,500 እጅ አንዱ ነው። አንድ ሚሊዮን ቦርድ ቢመረት 10,000 ዶላር ይሆናል። ለኔ ብዙ ነው። ራስፕቤሪ ፓይን ለሚያክል ድርጅት ግን አንድ ሚሊዮን ቦርድ ለሚሸጥበት ገበያ ስም ማጉደፊያ የሚሆን ገንዘብ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ተነስቶ "አንዷን ሬዚስተር እናስቀር፣ እናተርፋለን" ብሏል ብዬ አላምንም። የኔ ግምት ሌላ ነው። ዋጋ ለዓመታት ሲጫንህ እጅህ ሳታዝዘው መቀነስ ይለምዳል። ሁለት እኩል ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ስታይ "አንዷ ትበቃለች" የሚል ድምፅ በራሱ ይመጣል። እኔም ያው ነኝ። የመጀመሪያ ቦርዴን ሳስቀርጽ ዳታሺቱ (የቺፑ መግለጫ ሰነድ) አራት ካፓሲተር ሲለኝ ሁለት ያደረግኩበት ምክንያት ምን እንደነበር አሁን ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። የተረፈኝ አሥር ብር እንኳን አይሞላም። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ይባላል፤ እኔ ግን ቆጥ ላይም ምንም አልነበረም።

አሁን ፓይ ዜሮን እናስታውስ። የፒን ረድፍ ማስቀረት ከሬዚስተር ማስቀረት እጅግ የበለጠ ቅነሳ ነው። ግን ማንንም አልጎዳም። ልዩነቱ የት ላይ ነው? የፒን ረድፉ የቦርዱ የግል ጉዳይ ነው። በግቢህ ውስጥ የምትሠራው ነው። ወጥ ቤቱን ብታጠበው፣ በረንዳውን ብታስቀረው፣ የምትኖርበት አንተ ነህ። የቻርጀር ቀዳዳው ግን የጋራ አጥር ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ቻርጀር የማን እንደሆነ አታውቅም፤ ዛሬ ያልተሠራ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚገዛ ሊሆን ይችላል። ከጎረቤት ጋር የሚያስማማህ የተጻፈው ውል ብቻ ነው። አጥር ላይ ካስማ ስታጎድል ለጊዜው አንተ አታየውም፤ የጎረቤት ከብት ሲገባ ነው የሚታወቅህ።

ለማነጻጸር ሌላ የዚያው ቤት ጉዳይ ልጥቀስ። በ2015 ፓይ 2 ሲወጣ ሰዎች ፎቶ ሲያነሱት ኮምፒውተሩ ጥፍት ይል ነበር። ቀልድ አይደለም። የዜኖን ፍላሽ ያለው ካሜራ ብልጭ ሲል ከኃይል አቅርቦቱ ቺፖች አንዷ ትደነግጣለች። ቺፗ የፕላስቲክ ሽፋን የሌላት፣ ሲሊከኗ ራቁቱን የሆነ ትንሽ ዓይነት ነበረች፤ ብርሃን ደግሞ ሲሊከን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። መፍትሔው ቺፗ ላይ ትንሽ የግድግዳ ማጣበቂያ ጭቃ መለጠፍ ሆነ። እዚህ ጋ እኔ ፈጽሞ አልፈርድባቸውም። "ቦርዱን በፍላሽ ፎቶ አንስተህ ፈትን" የሚል ደንብ የለም። ማንም ሊያመልጠው ይችላል። የፓይ 4ቷ ሬዚስተር ግን በሥዕል ተቀምጣ ነበር። ሁለቱን ጥፋቶች እኩል የሚያይ ሰው ካለ አልስማማም።

እርማቱ

የታረመው ቦርድ፣ 1.2 የሚባለው፣ በ2020 መጀመሪያ ሰው እጅ መግባቱ ታወቀ። ሁለት ሬዚስተር፣ ሥዕሉ እንደሚለው። ዋጋው አልጨመረም። እንዲያውም በፌብሩዋሪ 2020 ባለ 2 ጊጋባይቱ ከ45 ወደ 35 ዶላር ወረደ። ጥራት ሲጨመር ዋጋ ሲቀንስ በአንድ ወቅት ታየ ማለት ነው። ሁለቱ ነገሮች ግን ምክንያትና ውጤት አይደሉም፤ የሜሞሪ ገበያ ስለወደቀ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቦርዶች የት ሄዱ? የትም። እስካሁን በየሰው ጠረጴዛ ላይ እየሠሩ ነው። ያገለገለ ፓይ 4 የሚገዛ ሰው በቀላሉ መለየት ይችላል። ቦርዱ ተነስቶ የሲስተሙን የሪቪዥን ኮድ (የቦርዱን የእትም ቁጥር) ሲያሳይ የመጨረሻዋን አሃዝ ማየት ነው፤ 1 ከሆነች የመጀመሪያው፣ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች የታረመው። ሳይነሳም ይቻላል። ኃይሉን ንቀሉ፣ የታይፕ ሲ መፈተሻ ቦርድ ቀዳዳው ላይ ሰኩ፣ መልቲሜትሩን በሲሲ1 እና በሲሲ2 መካከል አድርጉ። በታረመው ላይ 10.2 ኪሎ ኦም ያነባል፤ ከአንዱ ፒን በአንዷ ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ወርዶ በሌላኛዋ ስለሚወጣ። በመጀመሪያው ላይ ዜሮ ያነባል። ጢጥ ብሎ ይጮኻል።

ዜሮ ካነበበ አትደንግጡ። ተራ ገመድ ወይም የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ያለው ቻርጀር ይበቃል። ቦርዱን ለመቁረጥና ሬዚስተር ለመጨመር የደፈሩ ሰዎች አሉ። እኔ ለአንድ ገመድ ስል ምላጭ አላነሳም።

ነገሩ በፓይ 5 ላይ በሌላ መልክ ተመልሷል። በ2023 መጨረሻ የወጣው ይህ ቦርድ ሙሉ አቅሙን ለማግኘት 5 ቮልት በ5 አምፔር ይፈልጋል። ገበያ ላይ ያለው ትልቅ የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ብዙውን ጊዜ በ5 ቮልት የሚሰጠው 3 አምፔር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ኃይል ከፈለግህ ቮልቱን ወደ 9፣ 15፣ 20 ያሳድግልሃል። ከፍ ያለውን ቮልት ተቀብሎ ወደ 5 የሚያወርድ ክፍል ቦርዱ ላይ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ ቦታና ገንዘብ ይበላል። አላስቀመጡም። በምትኩ 12 ዶላር የሚሸጥ የራሳቸውን 27 ዋት ቻርጀር አወጡ። ቦርዱን በ3 አምፔር ቻርጀር ስታስነሳው ዩኤስቢ ላይ ለሚሰኩት ዕቃዎች የሚሰጠውን ወደ 600 ሚሊ አምፔር ገድቦ ይነሳል፤ ያስጠነቅቅሃልም። አልወደድኩትም፤ ከላፕቶፔ ቻርጀር ሌላ አንድ ቻርጀር እንድሸከም አድርጎኛል። ግን ይህኛው እንደ ፓይ ዜሮ በግልጽ የተነገረ ቁጠባ ነው። ይነሳል፣ ይሠራል፣ የጎደለውንም ራሱ ይነግርሃል።

ወደ እጅ ባትሪዋ

የእጅ ባትሪዋ ውስጥ ቲፒ4056 የምትባለዋ የተለመደች የሊቲየም መሙያ ቺፕ ናት ያለችው። ከታይፕ ሲ ቀዳዳው ጀርባ የሲሲ ፒኖቹ ሜዳ ላይ ቀርተዋል፤ ከምንም ጋር አልተገናኙም። ሁለት 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከሳጥኔ አወጣሁ። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ እጄ ተንቀጥቅጧል፤ በመጀመሪያው ሙከራ ሁለቱን ፒኖች በሶልደር አጣበቅኳቸው። ማለትም ሳላስበው ፓይ 4ን ሠራሁ። በመዳብ የሶልደር መምጠጫ አጸዳሁና ደገምኩ። አንዷ ለሲሲ1፣ አንዷ ለሲሲ2፣ ሁለቱም ወደ ግራውንድ። መልቲሜትሩ 10.18 አለ።

የላፕቶፑን ወፍራም ባለቺፕ ገመድ ሰካሁ። ቀይ መብራቷ በራ። ገልብጬ ሰካሁ። በራ። ባለቤቴ አይታ "ታዲያ ምን ነበር የሆነችው?" አለችኝ። ሁለቱን ሬዚስተሮች ላሳያት ወደ መብራቱ አስጠጋኋቸው። የሩዝ ፍሬ ሩብ የሚሆኑ ናቸው፤ መነጽሯን አምጥታ ነው ያየቻቸው።